የካንሰር ሕመምተኛ የማይናገረው ሕመም፦ ጭንቀት፣ ድብርትና ሕክምናቸው



መምህር ሳለሁ አብራን ታስተምር የነበረች አንዲት እህት የጡት ካንሰር ተገኘባት። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ኬሞቴራፒም ጀመረች። ተሰባስበን ጠየቅናት፣ ገንዘብ አዋጣን፣ ዱዓ አደረግንላት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሐኪሞቹ «ሕክምናው በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው» ሲሉ፣ እርሷ ግን ከቤት መውጣት አቆመች። ስልክ አታነሳም፤ ሌሊት አትተኛም፤ ልጆቿን ማቀፍ እንኳ ከበዳት። እኛ የምናውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ሶብር አድርጊ!» ካገገመች በኋላ ስታጫውተኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ሶብር አድርጊ በተባልኩ ቁጥር አፌ ይዘጋ ነበር። እየታገስኩ እንዳልሆነ የተነገረኝ ይመስለኝ ነበር።»

ያቺን እህት ያዳከማት የእምነት ማነስ አልነበረም። ስም ያለው፣ ምልክት ያለው፣ ሕክምናም ያለው ሕመም ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሕመም ምንነት፣ ከተለመደው ሐዘን ስለሚለይበት መንገድ፣ ስለ ሕክምናውና ከቤተሰብና ከጀመዓ ስለሚጠበቀው ነገር ያብራራል፤ ኢንሻአላህ።

ችግሩ ምን ያህል የተስፋፋ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች አዲስ ካንሰር እንደተገኘባቸው የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግምት ያሳያል። በአገራችን ደግሞ በየዓመቱ ከ75 ሺህ በላይ ሰዎች በካንሰር እንደሚያዙ ይገመታል። ከሴቶች ዘንድ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማሕፀን በር ካንሰሮች ናቸው።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ስንቶቹ በአእምሮ ሕመም ይቸገራሉ? እ.ኤ.አ. በ2011 «ላንሴት ኦንኮሎጂ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣና ከተለያዩ አገሮች የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ፣ በካንሰር ሕክምና ላይ ካሉ ሰዎች ከስድስቱ አንዱ ገደማ ሕክምና የሚያስፈልገው ድብርት፣ ከአስሩ አንዱ ገደማ የጭንቀት ሕመም እንዳለበት አሳይቷል። ከሕመሙ ጋር ለመላመድ በመቸገር የሚመጣው መረበሽ አንድ ላይ ሲደመር፣ ከመቶው ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት በአንድ ዓይነት የስሜት መታወክ ውስጥ ያልፋሉ። አሥር ሕመምተኞች በተቀመጡበት የሆስፒታል አግዳሚ ላይ ሦስቱ ወይም አራቱ ይህንን ሸክም በዝምታ ተሸክመዋል ማለት ነው።

ሕክምናው ይህንን ጉዳይ በቁም ነገር መያዝ የጀመረው ብዙም ሳይቆይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጂሚ ሆላንድ የተባለች አሜሪካዊት የአእምሮ ሐኪም በኒውዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ለካንሰር ሕመምተኞች የሚሆን የአእምሮ ሕክምና ክፍል አቋቋመች። ከዚያ ወዲህ «ሳይኮ-ኦንኮሎጂ» የተሰኘው የሙያ ዘርፍ እያደገ መጣ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሕመምተኛው ሙቀትና የደም ግፊት እንደሚለካ ሁሉ የጭንቀቱ መጠንም ይጠየቃል። ከተለመዱት መለኪያዎች አንዱ እጅግ ቀላል ነው፦ ሕመምተኛው ባለፈው ሳምንት የተሰማውን ጭንቀት ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር እንዲገልጽ ይደረጋል። 4 እና ከዚያ በላይ ካለ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል ተብሎ ይታሰባል። ይህን ጥያቄ ቤት ውስጥ ያለ አስታማሚም ሊጠይቅ ይችላል።

በየትኛው ጊዜ ይበረታል?

ጭንቀቱ በአንድ ወቅት መጥቶ የሚያልፍ አይደለም። የሚበረታባቸው ጊዜያት ይታወቃሉ። የመጀመሪያው ውጤት የሚጠበቅበትና ስሙ የሚነገርበት ቀን ነው። ብዙ ሰው በዚያ ቀን ሐኪሙ የተናገረውን አያስታውስም። ሁለተኛው ሕክምናው የሚጀመርበት፣ ፀጉር የሚረግፍበት፣ ጡት ወይም ሌላ አካል በቀዶ ሕክምና የሚወገድበት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ሕክምናው የሚያልቅበት ጊዜ ሲሆን ይህ ብዙዎችን ያስገርማል። ሁሉም «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልክ!» ሲለው ሕመምተኛው ግን «ቢመለስብኝስ?» በሚል ፍርሃት ይያዛል። ክትትል በደረሰ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል። አራተኛው ሕመሙ ሲመለስ ወይም ሊድን እንደማይችል ሲነገር ነው።

በእኛ አገር በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ሸክም አለ። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ ነበር። ጅማን ጨምሮ በክልሎች አገልግሎቱ መከፈት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ስለዚህ ከባሌ፣ ከወሎ ወይም ከሶማሌ ክልል የመጣ ሕመምተኛ ወረፋ እስኪደርሰው ለሳምንታት ከቤተሰቡ ርቆ ይኖራል። ከብቱን ወይም መሬቱን ለሕክምና የሸጠ አባት የሚያስጨንቀው ሞት ብቻ አይደለም፤ ድኖ ቢመለስ ልጆቹን በምን እንደሚያሳድግም ያስጨንቀዋል።

ሐዘን ነው ወይስ ድብርት?

ካንሰር እንዳለበት የተነገረው ሰው ቢያዝን፣ ቢያለቅስ፣ ጥቂት ቀናት ምግብ ቢዘጋው ተፈጥሯዊ ነው። ሐዘን እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል። በመሐል ሰውየው ከልጁ ጋር ይስቃል፤ ወዳጁ ሲመጣ ፊቱ ይፈታል፤ ነገን ያስባል።

ድብርት ግን ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። በካንሰር ሕመምተኛ ላይ መለየቱ ግን አስቸጋሪ ነው። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የክብደት መቀነስና የእንቅልፍ መዛባት ከካንሰሩ ወይም ከኬሞቴራፒው ሊመጡ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች ለሚከተሉት ምልክቶች ይበልጥ ትኩረት ይሰጣሉ፦

• ድሮ ያስደስተው የነበረ ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ፤ የልጅ ልጁ ስትመጣ እንኳ አለመደሰቱ።
• «ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ፣ ዋጋ የለኝም» ማለት።
• ከልክ ያለፈ የጥፋተኝነት ስሜት፤ «ይህ የመጣብኝ በወንጀሌ ነው፤ አላህ ጠልቶኛል» እያሉ መብሰልሰል።
• ፍጹም ተስፋ መቁረጥና ሕክምናውን ለማቋረጥ መፈለግ።
• ከሰው መሸሽ፣ ዝምታ፣ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት።
• ሞትን መመኘት ወይም ራስን ስለመጉዳት ማሰብ።

የጭንቀት ሕመም ደግሞ በልብ ምት መፍጠን፣ በትንፋሽ ማጠር፣ በመንቀጥቀጥ፣ በመነጫነጭ እና አንድን ሐሳብ ደጋግሞ በማመላለስ ይገለጻል። አንዳንዱ ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታሉ በር ሲደርስ ብቻ ማቅለሽለሽ ይጀምረዋል፤ ሰውነቱ ያለፈውን የኬሞቴራፒ ቀን ስለሚያስታውስ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የስሜት ለውጡ ከሰውነት የመጣ ሊሆን ይችላል። ያልታከመ የሕመም ስሜት፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ በደም ውስጥ የካልሲየም መብዛት ሰውን ያደበዝዛሉ። ከኬሞቴራፒ ጋር የሚሰጡት እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶችም እንቅልፍ ሊነሱና ስሜትን ሊያናውጡ ይችላሉ። ሕመምተኛው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ቢዘባርቅ፣ ቀንና ሌሊት ቢምታታበት፣ የሌለ ነገር አየሁ ቢል ብዙውን ጊዜ መንስኤው ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት ውጤት ወይም የሰውነት ንጥረ ነገሮች መዛባት ነው። «ጂን ነው» ብሎ ቤት ማቆየት ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ሩቅያው በሆስፒታል አልጋ ላይም ይቀራል፤ ሕመምተኛው ግን በፍጥነት ወደ ሐኪም መድረስ አለበት።

መጨነቅ የኢማን ማነስ ነውን?

ብዙ ወንድሞችና እህቶች ስለ ጭንቀታቸው የማይናገሩት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። መልሱን ከነቢያት ታሪክ እናገኘዋለን። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አዝነዋል፤ ሐዘናቸውንም ለአላህ አሰምተዋል። ሆኖም ቁርኣን የመልካም ትዕግሥት ምሳሌ አድርጎ ያነሳቸዋል። መርየም (ዐ.ሰ) በምጥ ጊዜ ከዚህ በፊት ሞታ በነበረች ተመኝታለች። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል፤ ከሐሳብና ከሐዘንም በአላህ ይጠበቁ ነበር። ሶብር ማለት ሕመም አለመሰማት አይደለም፤ ሕመሙን ይዞ ወደ አላህ መመለስና የተፈቀደውን ሰበብ ማድረስ ነው።

ሕክምና መፈለግም ከሰበቦቹ አንዱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ አላህ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳወረደም አስተምረዋል። ልብን ከዚህ የሚለይ ማስረጃ የለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለሕመምተኛና ሰው ለሞተበት ከገብስ ዱቄት የሚሠራ «ተልቢና» የተባለ ቀጭን አጥሚት መሰል ምግብ እንዲዘጋጅ ታዝ ነበር፤ የሕመምተኛውን ልብ እንደሚያሳርፍ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምታለችና። የእኛ እናቶች ለታመመ ሰው አጥሚት ይዘው ሲሄዱ ሳያውቁት ይህን ፈለግ ይከተላሉ።

የሙስሊም ሊቃውንትም ነገሩን ቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. ከ850 እስከ 934 የኖረው አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል-አንፉስ» በተሰኘው መጽሐፉ የአካልንና የነፍስን ጤና አንድ ላይ ጽፏል። የዘመኑ ሐኪሞች አካልን ብቻ በማከማቸው ወቅሷቸዋል። ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቅ ሐዘን ለይቶም አብራርቷል። ሰው መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ለክፉ ቀን የሚሆኑ ጤናማ ሐሳቦችንም በደህናው ጊዜ እንዲያከማች መክሯል።

ሕክምናው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው እርምጃ ሌላ ሐኪም መፈለግ ሳይሆን የካንሰር ሐኪሙን ማናገር ነው። «ሐኪሙ ሥራ ይበዛበታል» ብለን ዝም አንበል። «ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ እንቅልፍ የለኝም፤ ምንም ደስ አይለኝም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ቀጥሎ የንግግር ሕክምና አለ። ሳይኮሎጂስቱ ወይም የሠለጠነው ባለሙያ ሕመምተኛው የሚያስፈራውን ነገር አውጥቶ እንዲናገር፣ የተጋነኑ ሐሳቦችን እንዲመረምር፣ ቀኑን በትናንሽ ሥራዎች እንዲከፋፍል ያግዘዋል። አተነፋፈስን ማለማመድና ጡንቻን ማፍታታትም የሕክምናው አካል ናቸው። አቅም በፈቀደ መጠን በየቀኑ ትንሽ በእግር መሄድ ድካምንም ድብርትንም እንደሚቀንስ ተረጋግጧል።

ድብርቱ ከበረታ ሳይካትሪስቱ መድኃኒት ያዛል። ብዙ ሰው «ሱስ ያስይዛል» ብሎ ይፈራል። የድብርት መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ውጤታቸው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንትና ከዚያም በላይ ስለሚወስድ በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ መተው አይገባም። ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉት እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማስተኛዎች በመሆናቸው ያለ ትዕዛዝ ከፋርማሲ ገዝቶ መውሰድ አደገኛ ነው። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትወስድ እህት ይህንኑ ለሳይካትሪስቱ መንገር አለባት፤ እንደ ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ያሉት የታሞክሲፈንን ሥራ ሊያዳክሙ ስለሚችሉ ሌላ ይመረጥላታል።

ሦስተኛው የሕመም ስሜትን ማስታገስ ነው። ሌሊቱን በሕመም የሚያቃስትን ሰው በምክር ብቻ ከድብርት ማውጣት አይቻልም። ሞርፊን በሐኪም ትዕዛዝ ለከባድ ሕመም ሲሰጥ አደንዛዥ ዕፅ እንደመጠቀም አይቆጠርም፤ ለዚህ ዓላማ መውሰዱንም ዐሊሞች ፈቅደዋል። የማስታገሻና የማስታመም ሕክምና ሊሞት ለተቃረበ ሰው ብቻ የሚሰጥ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ 151 የተስፋፋ የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ይህን አመለካከት ቀይሯል። ከተለመደው ሕክምና ጎን ለጎን የማስታገሻ ክትትል ከመጀመሪያው ካገኙት መካከል የድብርት ምልክት የታየባቸው ከመቶው 16 ብቻ ሲሆኑ፣ ካላገኙት ግን 38 ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ ከሁለት ወር በላይ ረዝመው ኖረዋል። ዕድሜ በአላህ እጅ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

በዒባዳ የሚመጣ ጭንቀት

ሙስሊም ሕመምተኛን የሚያስጨንቅ፣ ሐኪሙ ግን የማይጠይቀው ነገር አለ። «ሶላቴ ተቀባይነት አለው ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። በሆዱ ላይ የሰገራ መቀበያ ከረጢት የተደረገለት ወንድም ራሱን እንደ ነጃሳ ቆጥሮ ከመስጂድ ይቀራል። ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት እህት ሶላቷን ትተዋለች። ይህ መገለል ድብርቱን ያባብሰዋል።

ሸሪዓው ግን ሰፊ ነው። ፈሳሹ የማይቋረጥበት ሰው ወቅቱ ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ከዚያ በኋላ ከቁጥጥሩ ውጭ የሚወጣው ሶላቱን አያበላሽበትም። ውኃ የሚጎዳው ተየሙም ያደርጋል። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ ተኝቶ ይሰግዳል። ረመዷንን በተመለከተ ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፦ መዳን የሚጠበቅለት በኋላ ቀዷ ያወጣል፤ መዳን የማይጠበቅለት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድኻ ያበላል። ሐኪሙ «አትጹም» ካለ በግድ መጾም መልካም ሥራ አይደለም። ኡስታዞች ሕመምተኛውን ቤቱ ሄደው ይህን ቢያስረዱት ከብዙ መድኃኒት የሚበልጥ እፎይታ ይሰጡታል።

መደበቅ ይጠቅማልን?

ብዙ ቤተሰብ «ቢያውቅ ይሞታል» ብሎ የሕመሙን ስም ከሕመምተኛው ይደብቃል። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ነው። ነገር ግን ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው የሚወስደውን ነገር ከአጠገቡ ካሉት ሕመምተኞች ይሰማል። ያኔ ሁለት ነገር ያጣል፦ እውነቱንና የሚያናግረው ሰው። ያልተነገረው ሰው ዕዳውን መክፈል፣ ኑዛዜውን መጻፍ፣ ዐፍው መባባልም አይችልም። የተሻለው መንገድ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱን ሕመምተኛውን መጠየቅ፣ በሚችለው መጠን በየዋህ ቃል መንገር፣ ሊደረግለት የሚችለውን ሕክምናም አብሮ መግለጽ ነው።

ጠያቂ ምን ይበል?

ሕመምተኛን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው። አጠያየቅም አደብ አለው። አጭር ይሁን። «እገሌም በዚሁ በሽታ ሞተ» ከሚል ወሬ እንጠበቅ። «ምን ሠርተህ ይሆን?» የሚል ፍርድም፣ «መድኃኒቱን ተውና ይህን ቅጠል ሞክር» የሚል ምክርም አይጠቅምም። ይልቁንም «ዛሬ ምን ከበደህ?» ብሎ ጠይቆ መስማት፣ ዱዓ ማድረግ፣ ከዚያም የሚታይ ሥራ ማገዝ ይበልጣል። ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ለቀጠሮ መኪና ማዘጋጀት፣ ከክልል ለመጣ ማረፊያ መፈለግ ከንግግር በላይ ናቸው።

አስታማሚዋንም አንርሳ። ሌሊት የምትነሳው ሚስት ወይም ሥራዋን የተወችው ልጅ እርሷም ልትደበር ትችላለች። በሳምንት አንድ ቀን የሚተካት ሰው ማግኘት ለሁለቱም ሕክምና ነው።

ሞትን ሲመኝ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በደረሰብን ጉዳት ምክንያት ሞትን እንዳንመኝ ከልክለው፣ በምትኩ መኖሩ ኸይር ከሆነ እንዲያኖረን፣ መሞቱ ኸይር ከሆነ እንዲወስደን አላህን እንድንለምን አስተምረዋል። ሕመምተኛው «ብሞት ይሻለኛል» ሲል ወዲያው «አዑዙቢላህ!» ብሎ አፉን ማስያዝ ግን አይረዳውም። በእርጋታ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ የሚናገርበት በር ይከፍትለታል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በቤት ያሉ መድኃኒቶችንና የተባይ ማጥፊያዎችን አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

የት ይኬዳል?

በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎቹ መሠረታዊ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች አሉ፣ ካስፈለገም ሪፈር ይጽፋሉ። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሚገኙት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች፣ በክልል ደግሞ እንደ ጅማና ጎንደር ያሉት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አገልግሎቱን ይሰጣሉ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ሕመምተኞች ማረፊያ በመስጠት፣ ተስፋ አዲስ ካንሰር ያለባቸውን ሕፃናትና ወላጆቻቸውን በመደገፍ፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ በቤት ውስጥ በሚሰጥ የማስታመም ሕክምና ይታወቃሉ።

ያቺ እህት በመጨረሻ የረዳት ሌላ ሕመምተኛ ነበረች። በወረፋ ላይ ሳሉ «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፤ ታከምኩ» አለቻት። ዛሬ እህታችን አልሐምዱሊላህ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ አዲስ የታመመች ሴት ስታገኝም መጀመሪያ የምትጠይቃት «እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብላ ነው።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ ለአስታማሚዎቻቸው ብርታት ይስጥልን፤ ለጭንቀታቸውም መውጫ ያድርግላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።